ለማኅበር መጽሔት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ድርጅት ልትቀጥሩ ነው? የአንድ ዓመት ልምዴን ላካፍላችሁ

የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበራችን በየ3 ወሩ የሚወጣ መጽሔት አለው። 32 ገጽ ነው። አዘጋጁ እኔ ነኝ። ደመወዝ የለውም፤ ቀን ወርክሾፕ ውዬ ማታ የምሠራው ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ጽሑፍ የሚያዘጋጅልን ድርጅት ቀጠርንና 4 ዕትም አብረን አወጣን። ሌሎች ማኅበራትም እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመግዛት እያሰቡ ስለሆነ ጥሩውንም መጥፎውንም ሳልደብቅ ልጻፍ ብዬ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። በዚህ ሥራ ያሉት አብዛኞቹ የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ስለሆነ፣ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

ለምን ቀጠርን? አባሎቻችን መጻፍ ስለማይወዱ። ሰውዬው ስለ ጣውላ አድርቆ ማዘጋጀት 2 ሰዓት ቆሞ ያወራችኋል። "ይህንን ጻፍልኝ" ስትሉት ግን "እሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት" ይልና ይጠፋል። ደውሉለት፣ ሥራ በዝቶበታል። እውነቱን ነው፣ በዝቶበታል። ችግሩ መጽሔት አይጠብቅም። የእኛ ዓይነቱ በመሀሉ በሽቦ የሚታሰር መጽሔት ገጹ በ4 የሚካፈል መሆን አለበት፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይወጣዋልና። አንድ ጽሑፍ ከቀረ አንድ ገጽ ቀንሼ ልገላገል ማለት አይቻልም። ወይ መሙላት ነው፣ ወይ 4 ገጽ መጣል። ስንት ሌሊት ማተሚያ ቤት ከመሄዴ በፊት ክፍት ገጽ ላይ አፍጥጬ እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ አንድ ሰው "በ10 ቀን ውስጥ የተጣራ ጽሑፍ እናስረክባለን" ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ቅጽ ትሞላላችሁ። ርዕሱ ምንድን ነው፣ አንባቢው ማን ነው፣ ስንት ቃል ይሁን። ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አላቸው። አንደኛው ጸሐፊው እዚያው ቢሮው ተቀምጦ ከሰነድና ከኢንተርኔት አንብቦ የሚያዘጋጀው ነው፤ የሚከፈለውም በቃል ብዛት ነው። ሁለተኛው ጸሐፊው ከእናንተ ባለሙያ ጋር ቃለ መጠይቅ አድርጎ የሚጽፈው ነው፤ እሱ በአንድ ጽሑፍ ቁርጥ ዋጋ ይከፈልበታል፣ ይወደዳልም። ሁለቱም ላይ 2 ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተካክላሉ። እኛ ብር ለመቆጠብ በመጀመሪያው ጀመርን። የአንድ ዓመቱ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ምርጫ የመጣ ነው ማለት እችላለሁ።

በቀጠሮ አክባሪነት አላማቸውም። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አላሳለፉም። ኢሜይል ስትልኩ በዚያው ቀን ይመልሳሉ፣ ትሕትና አላቸው፣ ሰዋስዋቸው ንጹሕ ነው፣ ፊደል አይሳሳቱም። ይህንን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። እኔ ዓመታት ሙሉ በልመና ጽሑፍ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ጽሑፍ ምን ያህል ሰላም እንደሚሰጥ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ርዕስ "እንጨትና እርጥበት" ነበር። 800 ቃል አዘዝኩ፣ 1150 መጣ። ሲነበብ ያምራል። ይፈሳል። ግን "የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ እንጨትን ለልዩ ልዩ አገልግሎት ሲጠቀም ኖሯል" ብሎ ነው የሚጀምረው። ዕድሜውን በሙሉ እንጨት ሲያገላብጥ ለኖረ ሰው! ከዚያ እንጨት ከዛፍ እንደሚገኝ፣ እርጥብ እንጨት እንደሚከብድ ይነግረናል። ጉዳዩ ላይ የሚደርሰው በ4ኛው አንቀጽ ነው። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ተሳሳተ። "ጣውላው እርጥበቱ 0 በመቶ እስኪሆን ከደረቀ በኋላ አይንቀሳቀስም፣ አይጎብጥም" ይላል።

እኔ ሳላየው አልፌ ነበር። ድካምም ነው፣ አጻጻፉም ያባብላል። እግዚአብሔር ይስጣቸውና አንድ አንጋፋ አባላችን ረቂቁን እንዲያዩልኝ ሰጥቻቸው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና "ልጄ፣ ይህን የጻፈው ሰው ጣውላ ነክቶ አያውቅም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንጨት እስከ መጨረሻው ለአየሩ እርጥበት ሲሰጥና ከአየሩ ሲቀበል ነው የሚኖረው። ምድጃ ውስጥ ከትታችሁ 0 ብታደርሱት እንኳ ክፍል ውስጥ ስታስቀምጡት ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ሲደርቅ መጀመሪያ በሕዋሶቹ ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ የተያዘው ውኃ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዶ ከሕዋሶቹ ግድግዳ ውኃ መውጣት ሲጀምር ነው መኮማተር የሚመጣው። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ ከቁጥር አይገባም። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ግን ከመሀል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው በአማካይ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጣውላ የሚጎብጠው በዚህ ልዩነት ነው። ስለዚህ ባለሙያ ጣውላውን የሚያደርቀው ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል አየር ልክ ነው፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 በመቶ ባለው መሀል። ዜሮን የሚመኝ የለም።

ይህ ስህተት ታትሞ ቢወጣ ምን ይፈጠር ነበር? አንድ ጀማሪ አምኖ ጣውላውን ያቃጥል ይሆናል። ከዚያ የሚብሰው ግን ነባሮቹ አንድ ጊዜ ስህተት ካዩ መጽሔቱን ሁለተኛ አያምኑትም።

እዚህ ላይ ስለ ማኅበር መጽሔት አንባቢ የተረዳሁትን ልናገር፤ ብዙ ጸሐፊዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ስለሆነ። የጋዜጣ አንባቢ ከጸሐፊው ያነሰ ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። የእኛ አንባቢ ከጸሐፊው ይበልጥ ያውቃል። ጸሐፊው መጋጠሚያ ምን እንደሆነ ሲያስረዳው ተናቅሁ ይላል። በሌላ በኩል ሁሉም አባል ሁሉን ያውቃል ማለትም አይደለም። ወርክሾፕ ያለው አለ፣ ትናንት ሥራ የጀመረ ተለማማጅ አለ፣ ከእንጨት ጋር ሳይሆን ከደረሰኝ ጋር የሚውል የሒሳብ ሠራተኛ አለ። 30 ዓመት በእጅ የሠራ ሰው ስለ አዲሱ የኮምፒውተር መቁረጫ ምንም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ "አንባቢው ማን ነው" ሲሉ "የእንጨት ባለሙያዎች" ብሎ መመለስ አይበቃም። እኔ እንዲያ ብዬ ስለመለስኩ ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው። ከዚያ በኋላ "ክብ መጋዝ በየቀኑ የሚጠቀም፣ የእርጥበት መለኪያ ግን ገዝቶ የማያውቅ ሰው" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ጽሑፎቹ ወዲያው ተሻሻሉ። ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ጽሑፍ ስለ እንጨት ብናኝ ነበር። ይህ ቢሮ ተቀምጦ ሊጻፍ የሚችል ጉዳይ ነው፤ መረጃው ያለው ሰነድ ላይ ስለሆነ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መጽሐፉ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተራ፣ ማለትም ምድብ 1 ውስጥ አስገብቶታል። በተለይ ከአፍንጫና በአፍንጫ ዙሪያ ካሉ ክፍተቶች ካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። ጸሐፊው ይህን በትክክል አገኘው። ግን "ስለዚህ የእንጨት ብናኝ የሲጋራን ያህል አደገኛ ነው" ብሎ ጨመረበት፤ ሲጋራም ምድብ 1 ውስጥ ስላለ። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው። አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይነግረንም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ከመጀመሪያው ጽሑፍ ተምሬ ስለነበር በዚህኛው ላይ አንድ ነገር ጠየቅሁ። እያንዳንዱ ቁጥርና እያንዳንዱ የጤና ወሬ ከየት እንደመጣ በጎን ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ አላትመውም፣ ለራሴ ነው አልኳቸው። ላኩ። ተቀምጬ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁለቱ የሉም። ጥናቶቹ በዚያ ርዕስ የትም አልታተሙም። ርዕሳቸው እውነተኛ ይመስላል፣ ዓመት አላቸው፣ የመጽሔት ስም አላቸው፣ ግን የሉም። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ይህ ነገር በብዙ ቦታ የሚታይ ሆኗል፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ያልነበረ ጥናት አሳምረው ይፈጥራሉ። ደወልኩ። በቁጣ ነው የደወልኩት። ስለ ሰዎች ሳንባ ነው የምንጽፈው እኮ!

መልሳቸውን በቅንነት ልመስክር። አልካዱም። ጸሐፊው የኮምፒውተር ፕሮግራም ተጠቅሞ ሳያጣራ እንደላከው አመኑ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሌላ ጸሐፊ መደቡልን፣ ጽሑፉንም ያለ ክፍያ ከመጀመሪያ ጀምሮ ጻፉት። ሁለተኛው ጥሩ ሆኖ መጣ። ሰጋቱራ መጥረግ ብናኙን መልሶ አየር ላይ እንደሚበትነው፣ በመጥረጊያና በአየር ግፊት ፋንታ መምጠጫ መጠቀም እንደሚሻል፣ ዓይን የሚያየው ሸካራው ሳይሆን የማይታየው ደቃቁ ወደ ሳንባ ዘልቆ እንደሚገባ በደንብ አብራራ። ግን እኔ ባልጠይቅ ኖሮስ? የምንጭ ዝርዝር ሳትቀበሉ ለአንድም ጽሑፍ እንዳትከፍሉ። ውል ላይ አስገቡት።

ፎቶውን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ከጽሑፉ ጋር ፎቶ ጨምረው ይልካሉ፤ ከኢንተርኔት የተገዛ። አንደኛው 600 ፒክሰል ስፋት ነበረው። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚፈለግ ያ ፎቶ ጥርት ብሎ የሚወጣው 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ከቴምብር ብዙም አይበልጥም። ይህ እንኳ ይታለፋል። ያላለፍኩት ሌላ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ክብ መጋዝ ላይ ጓንት አድርጎ ይሠራል! ጓንት የሚሽከረከር ነገር ከያዘው እጅን ይዞ ይገባል፤ ለዚህ ነው በክብ መጋዝ ላይ ጓንት የማይደረገው። መሸፈኛውም ተነስቷል። ከመጋዙ ጀርባ የምትቆመው፣ የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ጥርሱን እንዳይነክስና ወደ ሠራተኛው እንዳይወረወር የምትከላከለው ስስ ብረትም የለችም። ስለ ደኅንነት በሚያወራ ጽሑፍ ላይ! ጸሐፊው አላየውም፤ ሊያየውም አይችልም። የኛ አንባቢ ግን ጽሑፉን ሳያነብ ፎቶውን ያያል። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ከነሱ አልቀበልም። አባሎቻችን በስልካቸው ያነሳሉ። 4000 ፒክሰል ስፋት ያለው የስልክ ፎቶ ከ33 ሳንቲ ሜትር በላይ ይታተማል፤ ለኛ ገጽ ከበቂ በላይ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ስለሚያንስ እንደ ፋይል ላኩልኝ በሉ።

ሦስተኛው ዕትም ላይ ገንዘብ ጨምረን ቃለ መጠይቅ ያለበትን ሞከርን። እዚህ ላይ ሐሳቤ ተለወጠ።

አንድ አባላችን ወርክሾፑ ሌሊት ተቃጥሎበት ነበር። ሰው አልተጎዳም። መንስኤው የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ነው። ታሪኩን ሁላችንም ሰምተነዋል፣ በስብሰባ ላይም ተነስቷል፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቀውም። ጸሐፊዋ ስልክ ደውላ ሰዓት ተኩል አወራችው። የጠየቀችውን በኋላ ነገረኝ። ጨርቁን የት አስቀመጥከው? ተጣጥፎ ነበር ወይስ ተዘርግቶ? ስንት ጨርቅ? ከስንት ሰዓት በኋላ ነው ጎረቤት ጭስ ያየው? ከመውጣትህ በፊት የሸተተህ ነገር ነበር? እሱም ሲመልስ ሲመልስ ራሱ ረስቶት የነበረውን አስታወሰ። ከመውጣቱ በፊት ክምሩን በእጁ ነክቶት ነበር፤ ሞቅ ብሎታል። ሙቀቱ ከፀሐይ ነው ብሎ አስቦ ዘግቶ ሄደ።

ጽሑፉ የጀመረው ከዚያች ንክኪ ነው። ክምር ጨርቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያለ ሰው፣ ለብ ያለ ነገር። ከዚያ ሳይንሱ መጣ። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፣ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው የሚጠነክረው። ይህ ሲሆን ሙቀት ይፈጥራል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀባ ሙቀቱ ይበተናል። ተኮርምቶ በተጣለ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ ያጣል፤ ሙቀቱ ሂደቱን ያፈጥነዋል፣ ሂደቱ ሙቀቱን ይጨምረዋል፣ በመጨረሻ ክብሪት ሳይጫር እሳት ይነሳል። ከዚያ ምን ይደረግ? ጨርቁን አንድ በአንድ ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ፣ ወይም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውኃ ውስጥ መንከር። አለቀ። 900 ቃል ነው። አንድ የሚጣል ዓረፍተ ነገር አላገኘሁበትም።

መጽሔቱ ከወጣ በኋላ 3 ወርክሾፕ ገብቼ ያንን ገጽ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። አዘጋጅ ከሆንኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ደስታዬን መደበቅ አልፈልግም።

ልዩነቱ የት ነው? ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው ጸሐፊ የበለጠ ስለ እንጨት አታውቅም። ራሷ ነግራኛለች። ግን አለማወቋን አልሸፈነችም። የማታውቀውን ከኢንተርኔት ለመሙላት ከመሞከር ይልቅ የሚያውቀውን ሰው ጠየቀች። ዕውቀቱ እኛ ጋ ነበር። የጎደለን ዕውቀቱን የሚያወጣ ጠያቂና ቅርጽ የሚሰጠው እጅ ነው። ለዚህ ነው መክፈል ያለብን። "ዕውቀት እናቀርብላችኋለን" የሚል ድርጅት ሲመጣ ተጠራጠሩ፤ "ባለሙያዎቻችሁን እንስማ" የሚል ሲመጣ ወንበር ስጡት።

አንድ ከባድ ጉዳይ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም፤ ማኅበርን ፍርድ ቤት ሊያደርስ ስለሚችል። ለአራተኛው ዕትም ራሳቸው ርዕስ አቀረቡ፦ "ለወጥ ቤት ካቢኔ ምን ያህል እናስከፍል?" ጽሑፉ ለአባላት የሚመከር ዋጋ በሠንጠረዥ እንዲይዝ አሰቡ። ከአባሎቻችንም ብዙዎቹ ይህንን ይፈልጋሉ፣ ሁሌም ይጠይቁኛል። እኔ ግን አስቆምኩት። ማኅበር ማለት የተፎካካሪዎች ስብስብ ነው። ተፎካካሪዎች በዋጋ ላይ ከተስማሙ ወይም ማኅበራቸው በዚህ ዋጋ ሽጡ ካላቸው በብዙ አገር የውድድር ሕግ መጣስ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የሸርማን ሕግ አለ፣ በአውሮፓ ኅብረት የኅብረቱ ስምምነት አንቀጽ 101 አለ፣ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። "ምክር ብቻ ነው" ማለት አያድንም። ድርጅቱ ለስንት ማኅበር ሲጽፍ ኖሮ ይህን አለማወቁ አሳዘነኝ። ርዕሱን ግን አልጣልነውም። ዋጋ ሳይጠቅስ ወጪ አወጣጥን እንዲያስተምር አደረግነው። የጣውላው ዋጋ፣ ተቆርጦ የሚጣለው፣ የሰው ሰዓት፣ መጋዝ የማስሞረጃው፣ ኪራዩ፣ ደንበኛ ቤት ተሂዶ የሚለካበት ጊዜ፣ ሁሉም ሰው የሚረሳው የማጓጓዣና የመግጠሚያ ቀን። ቁጥሩን እያንዳንዱ የራሱን ያስገባል። በጣም ተወደደ።

ማስታወቂያ መሰል ጽሑፍን ባጭሩ ልናገር። አንድ ማሽን ሻጭ ስለ ማሽኑ "ጠቃሚ ጽሑፍ" እንዲጻፍ ሊከፍል እንደሚፈልግ፣ ለእኛም ነፃ እንደሚሆን ድርጅቱ ነገረኝ። ከላዩ በግልጽ "ማስታወቂያ" ተብሎ ይጻፋል አልኩ። ሻጩ አልፈለገም። ጉዳዩ እዚያው ቀረ። አባላት መዋጮ ከፍለው የሚያነቡት መጽሔት ነው፤ የተከፈለበትን ካልተከፈለበት መለየት መብታቸው ነው።

ውሉንም አንብቡ፤ እኔ ሳላነብ ፈርሜ ተጎድቻለሁ። የቅጂ መብት እ.ኤ.አ. በ1886 ከተፈረመው የበርን ስምምነት በመጣው መርህ መሠረት ጽሑፉ በተጻፈበት ቅጽበት አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊው ይሆናል፣ ምዝገባ አያስፈልገውም። ስለዚህ ከፍላችሁ ብታስጽፉም ምን ዓይነት መብት እንደገዛችሁ የሚወስነው ውሉ ነው። የኛ ውል ለአንድ ጊዜ ኅትመት ብቻ ይላል። የእሳቱን ጽሑፍ ድረ ገጻችን ላይ ልናወጣ ስንል ተጨማሪ ክፈሉ ተባልን። ለተለማማጆች በራሪ ወረቀት ልናደርገው ስንልም እንደገና ክፈሉ። ሕጋዊ ነው፣ ግን ያናድዳል። ከመፈረማችሁ በፊት የኅትመት፣ የድረ ገጽ፣ የሥልጠና መብቱን በአንድ ላይ ጠይቁ።

ስለ ስምም እንዲሁ። ድርጅቱ የጸሐፊውን ስም ማውጣት አይፈልግም፤ "በማኅበሩ ዝግጅት ክፍል" ይባል ይላሉ። እኔ አልተስማማሁም። የተናገረውም የጻፈውም ይታወቅ። አሁን በቃለ መጠይቅ ጽሑፎቻችን ላይ የባለሙያው ስም ከላይ፣ የጸሐፊዋ ስም ከታች ይወጣል። ይህ ያልጠበቅኩት ጥቅምም አመጣ። ስማቸውን መጽሔት ላይ ያዩ ሁለት አባላት "የኔንም ጠይቁኝ" ብለው ራሳቸው ደወሉ። እነዚያው መጻፍ የማይወዱት ሰዎች!

እንግዲህ ልግዛ አልግዛ ለምትሉ። በቃል የሚከፈለውን ቢሮ ውስጥ የሚጻፈውን አልመክርም። በቃል ስትከፍሉ ቃል ነው የምትገዙት፤ 800 ያዘዛችሁት 1150 ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው፣ ትርፉን ደግሞ እናንተው ቁጭ ብላችሁ ትቆርጣላችሁ። ሕግ ሲለወጥ ወይም የጤና መመሪያ ሲወጣ፣ መረጃው ሰነድ ላይ ብቻ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከምንጭ ዝርዝር ጋር ልታዙት ትችላላችሁ። የሚያጣራ ባለሙያ ከሌላችሁ ግን ተዉት። የቃለ መጠይቁን ያለማመንታት ግዙ። በዓመት 8 ርካሽ ጽሑፍ ከምታዙ 4 ውድ እዘዙ፤ የቀረውን ገጽ በአባላት ጥያቄና መልስ፣ በሥራቸው ፎቶ ሙሉት። እኛ ውላችንን ያደስነው በዚህ ብቻ ነው። ያቺ ጸሐፊ እንድትመደብልንም ጠይቀን እሺ ብለውናል። ከ5 ኮከብ ስንት ትሰጣለህ ካላችሁኝ ለመጀመሪያው 2፣ ለቃለ መጠይቁ 5 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። የቀረው በውሉ ምክንያት ነው።

ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዋ ለሚቀጥለው ዕትም ወርክሾፕ መጥታ ነበር። የምታነጋግረው እኒያን "ጣውላ ነክቶ አያውቅም" ያሉኝን አንጋፋ ነው። መጀመሪያ አልፈለጉም። "ምን ልላት ነው፣ ሥራዬ እኮ ይታያል" አሉኝ። እሷ ግን ገና እንደገባች የተደረደሩት ሳንቃዎች ላይ በእርሳስ የተሠመረውን ሦስት ማዕዘን አይታ "ይህ ምልክት ምንድን ነው?" አለቻቸው። የትኛው ሳንቃ ከላይ፣ የትኛው ከታች፣ የትኛው በግራ እንደሆነ፣ ሲገጣጠም እንዳይምታታ የሚደረግ ምልክት ነው። እኛ ስለለመድነው አናየውም። እሳቸው ሳንቃዎቹን በተኑና እንደገና ደረደሩላት፣ ከዚያ መላጊያውን እጇ ላይ አስያዟትና "ግፊው፣ አትፍሪ" አሏት። ሲመሽ ገና እያወሩ ትቻቸው ወጣሁ። 4 ገጽ ይዤላቸዋለሁ።